ለአሮጌ ስኖውብሎወር መለዋወጫ አፈላለግ፦ ከታርጋው ቁጥር እስከ ለጋሽ ማሽን

ሃያና ሠላሳ ዓመት ያገለገለ ስኖውብሎወር (በሞተር የሚሠራ የበረዶ መጥረጊያ ማሽን) ቀጥ ሲል አብዛኛውን ጊዜ የሞተው ማሽኑ ራሱ አይደለም። ቺንጋው ተበጥሶ፣ የካርቡራተሩ ቀዳዳ ተደፍኖ ወይም ጎማ የለበሰው የመንጃ ዲስክ አልቆ ነው። የድሮዎቹ ብረት ወፍራም ነው፤ ደህና ባለ ሁለት ደረጃ አዲስ ማሽን (በረዶውን በጠመዝማዛ ሰብስቦ በማራገቢያ የሚተፋው) ደግሞ ዛሬ ከ1000 ዶላር በላይ ያስወጣል። ሚኒያፖሊስ ውስጥ በረዶው ባቆመ በ24 ሰዓት ውስጥ ከቤትዎ ፊት ያለውን የእግረኛ መንገድ እንዲጠርጉ የከተማው ደንብ ያስገድዳል። ከቤቱ ጋር አብሮ የተገኘውን ያን አሮጌ ማሽን ማስነሳት እንግዲህ የትርፍ ጊዜ ጨዋታ አይደለም።

ለብዙ ሰው የሚከብደው መፍታቱ ሳይሆን ትክክለኛውን እቃ ማግኘቱ ነው። አዲስ አበባ ቢሆን የተበላሸውን በጋዜጣ ጠቅልሎ ሶማሌ ተራ መውረድ ይበቃል፤ ባለሱቁ ገልበጥ አድርጎ አይቶ መሰሉን ከጓዳ ያወጣል። እዚህ አሜሪካ ግን ከባንኮኒው ጀርባ ያለው ሰው የሚጠይቀው ቁጥር ነው። “ብርቱካናማው፣ ባለ 8 ፈረስ ጉልበቱ” ቢሉት አይረዳዎትም፤ አንድ ፋብሪካ በዚያው ቀለምና በዚያው ጉልበት ለብዙ ዓመታት የተለያየ ቺንጋና ዲስክ ያላቸው ማሽኖች ሲያወጣ ኖሯል። ስለዚህ ሥራው የሚጀምረው ከመፍቻ ሳይሆን ከወረቀትና ከእስክሪብቶ ነው።

ከመንካትዎ በፊት የካንዴላውን ገመድ ነቅለው ከካንዴላው አርቀው ያስሩት። ሞተር ማጥፋት ብቻውን አይበቃም። በረዶ የወተፈው ማራገቢያ በቺንጋው በኩል ውጥረት ይዞ ስለሚቆይ፣ ውታፊው ሲለቅ ሞተሩ ጠፍቶም ቢሆን ዞሮ ጣት ይቆርጣል። እጅ አይግባ፤ ዱላ ይግባ። ማሽኑን በአፉ መድፋት ካለብዎ ደግሞ ቤንዚኑን አስቀድመው ያፍስሱ።

ሁለት ታርጋ፣ ሁለት ማንነት

ማሽኑ አንድ ቁጥር አለው፣ ሞተሩ ሌላ። ኤሪየንስ የሚል ማሽን ላይ የቴከምሴ ሞተር ተቀምጦ ይገኛል። የማሽኑን ቁጥር ይዞ ካርቡራተር መፈለግ፣ ወይም የሞተሩን ቁጥር ይዞ ቺንጋ መፈለግ በብዛት የሚታየው ስህተት ነው። ቺንጋ፣ ዲስክ፣ ካቦ፣ ሺር ፒንና ጎማ በማሽኑ ቁጥር ይፈለጋሉ። ካርቡራተር፣ ካንዴላ፣ ጓርኒሲዮንና ማስነሻ ገመድ በሞተሩ ቁጥር።

የማሽኑን ታርጋ በጀርባው በኩል፣ ከመንኮራኩሮቹ በላይ ባለው ብረት፣ በእጀታው ሥር ወይም የበረዶ መሰብሰቢያው ሳጥን ጀርባ ላይ ይፈልጉ። ወረቀት ተለጣፊ ከሆነ በቤንዚን ወይም በቀለም ማቅጠኛ አይንኩት፤ ጽሑፉ አብሮ ይሄዳል። ሳሙና በነካ እርጥብ ጨርቅ ብቻ ያብሱ። ብረት ላይ የተመታ ቁጥር ከሆነ ጠመኔ ቀብተው የእጅ ባትሪውን ከጎን አጋድመው ያብሩበትና በስልክ ያንሱት። ሞዴልም ሴሪያልም ይጻፉ። በተለይ የቶሮ የመለዋወጫ ዝርዝር በአንድ ሞዴል ውስጥ በሴሪያል ስለሚከፋፈል ሞዴል ብቻ ይዘው ከሄዱ የሌላ ዓመት እቃ ይሰጥዎታል።

በስም የሚያታልለው ክራፍትስማን ነው። የስሙ ባለቤት የነበረው የሲርስ መደብር ማሽኖቹን ሌላ ፋብሪካ አሠርቶ ስሙን ይለጥፍባቸው ነበር። ፍንጩ በሞዴል ቁጥሩ ውስጥ ከነጥቡ በፊት ያሉት ሦስት አሃዞች ናቸው፤ 247 ከሆነ የሠራው ኤምቲዲ ነው፣ 536 ከሆነ መሬይ ነው፣ ሞተሩ ላይ 143 ካዩ ሞተሩ ቴከምሴ ነው። ይህን ካወቁ “የሲርስ ቁጥር ከእንግዲህ የለም” ሲባሉ ተስፋ አይቆርጡም፤ ያው እቃ በእውነተኛው ሠሪ ቁጥር መደርደሪያ ላይ ሊኖር ይችላል። ያርድማን፣ ዋይትና ያርድ ማሽንስ የሚባሉትም የኤምቲዲ ልጆች ናቸው፤ የስኖውብሎወሮቹ ሞዴል ቁጥር በ31 ይጀምራል። መሬይ እ.ኤ.አ. በ2004 ለኪሳራ ፍርድ ቤት ቀረበ፣ ስሙም በኋላ ወደ ሞተር ሠሪው ብሪግስ ኤንድ ስትራተን ሄደ።

ሞተሩን በተመለከተ፣ አብዛኞቹ የሰሜን አሜሪካ አሮጌ ማሽኖች የተሸከሙት ቴከምሴ ነው። ፋብሪካው እ.ኤ.አ. በ2008 ትንንሽ ሞተር መሥራት አቆመ፤ ግን በየጋራዡ ያለው ብዛት ከፍተኛ ስለሆነ ሌሎች አምራቾች እቃውን ዛሬም ያወጡለታል። ቁጥሩ የሞተሩ ማቀዝቀዣ ማራገቢያ ሽፋን ላይ ተመትቷል፤ መጀመሪያ እንደ ኤችኤምኤስኬ80 ወይም ኤችኤስ50 ያለ የሞዴል ስም፣ ቀጥሎ ስፔክ የሚባለው ረጅም ቁጥር፣ ከዚያ ዲኦኤም የሚል የምርት ቀን። ካርቡራተሩን የሚወስነው ስፔኩ ነው፤ ሁለት ኤችኤምኤስኬ80 ሞተሮች የተለያየ ካርቡራተር ሊኖራቸው ይችላል። አራት አሃዝ ያለው ዲኦኤም እንዲህ ይነበባል፦ የመጀመሪያው የዓመቱ መጨረሻ አሃዝ፣ ቀሪዎቹ ሦስቱ የዓመቱ ስንተኛ ቀን። 2105 ማለት በ2 የሚያልቅ ዓመት 105ኛ ቀን ነው፤ 1982 ይሁን 1992 ከማሽኑ ዕድሜ ይገመታል። ብሪግስ ከሆነ ሞዴል፣ ታይፕ እና ኮድ የሚሉ ሦስት ቁጥሮች አሉ፤ የኮዱ መጀመሪያ ስድስት አሃዞች ዓመት፣ ወርና ቀን ናቸው።

ቁጥሩ ሲቀያየር

የመለዋወጫ ቁጥር እንደ ሰው ስሙን ይቀይራል። በሥዕላዊው ዝርዝር ላይ ያገኙት ቁጥር “አይመረትም” ቢል ተተኪ ቁጥር እንዳለው ያረጋግጡ። ኤምቲዲ በ7 ይጀምሩ የነበሩ ብዙ ቁጥሮችን ወደ 9 አዛውሯል፤ 754-0430 የነበረው ቺንጋ 954-0430 ተብሎ ይሸጣል። ኤሪየንስ የድሮ ስድስት አሃዞቹ ላይ ሁለት ዜሮ ጨምሯል፤ የፍሪክሽን ዲስኩ (ጎማ የለበሰው የመንጃ ዲስክ) 047437 አሁን 04743700 ነው። የቴከምሴ ካርቡራተር 632107 በ640084 ተተክቷል። ስለዚህ በኢቤይ ሲፈልጉ አሮጌውንም አዲሱንም ለየብቻ ያስገቡ። ሃያ ዓመት መጋዘን ውስጥ የተኛ ኦሪጅናል እቃ የሚገኘው ብዙውን ጊዜ በአሮጌው ቁጥር ነው፤ ሻጩ ካርቶኑ ላይ ያየውን ነውና የጻፈው።

ቺንጋ

ባለ ሁለት ደረጃ ማሽን ቢያንስ ሁለት ቺንጋ አለው፤ አንዱ መንኮራኩሩን፣ አንዱ በረዶ ሰብሳቢውን ጠመዝማዛ (ኦገሩን) ያዞራል። ቁጥሩ ከጠፋ መለካት ይቻላል፣ ግን አሮጌ ቺንጋ ይዋሻል፤ ይረዝማል፣ ጎኑም ስለሚበላ ይቀጥናል። ስፋቱን ከቺንጋው ሳይሆን ከፑሊው ጉድጓድ ይውሰዱ፦ የአዲስ ቺንጋ ጀርባ ከፑሊው ከንፈር ጋር እኩል መተኛት አለበት፤ ወደ ታች ሰምጦ የጉድጓዱን ወለል ከነካ ጠቧል። ርዝመቱን ለማወቅ አሮጌውን ቆርጠው ዘርግተው በውጭ በኩል ይለኩ፤ በፑሊዎቹ ዙሪያም የማይለጠጥ ገመድ ጠምጥመው ያመሳክሩ። ሁለቱ ከተለያዩ ገመዱን ይመኑ።

በገበያ ላይ ያለው አጻጻፍ ቀላል ነው። 3ኤል ማለት 3/8 ኢንች ስፋት (9.5 ሚሊ ሜትር)፣ 4ኤል 1/2 ኢንች (12.7 ሚሊ ሜትር)፣ 5ኤል 5/8 ኢንች ነው። የሚከተለው ቁጥር በውጭ በኩል ያለው ርዝመት በኢንች አስረኛ ነው፤ 4ኤል360 ማለት ግማሽ ኢንች ስፋት፣ 36 ኢንች ርዝመት።

ይህ ማለት ግን ከመኪና እቃ ቤት ልኩ የገጠመውን ማንኛውንም ቺንጋ አምጥተው ይግጠሙ ማለት አይደለም። የስኖውብሎወር ቺንጋ እንደ ፍሪሲዮን ይሠራል፤ እጀታውን ሲጨብጡ አጥባቂው ፑሊ ይወጥረዋል፣ ሲለቁት መንሸራተት አለበት። በጨርቅ የተሸፈነ ጎን ያለው ይለቃል፤ ጥርስ የተቆረጠለት ጎኑ የተራቆተ የመኪና ቺንጋ ግን ይነክሳል፣ ኦገሩ እጀታው ተለቆም መዞሩን ይቀጥላል። አደጋው ግልጽ ነው። በአጭር ቺንጋም የሚሆነው ይኸው ነው። ረጅም ከሆነ ደግሞ አጥባቂው ፑሊ መጨረሻው ደርሶ ስለሚቆም ቺንጋው ይንሸራተታል፣ ይጨሳል፣ በአንድ ቀን በረዶ ይቃጠላል። ውስጡ የኬቭላር ክር ያለው ይምረጡ። ኦገሩ ጎን ለጎን ሁለት ቺንጋ ካለው ሁለቱንም አብረው ይቀይሩ፤ አንዱ አዲስ አንዱ አሮጌ ከሆነ ሸክሙን ሁሉ አዲሱ ይሸከማል።

በብዙ ማሽኖች ላይ የኦገሩን ቺንጋ ለማውጣት የፊቱን ሳጥን ከኋላው አካል መለየት ያስፈልጋል። ቡሎኖቹን ከመፍታትዎ በፊት ከእጀታው ሥርና ከሳጥኑ ሥር እንጨት ይደግፉ፤ አለዚያ መሃሉ ላይ ተሰብሮ ይወድቃል።

ፍሪክሽን ዲስክ

ማሽኑ ሞተሩ እየሠራ ወደ ፊት አልሄድ ካለ፣ ወይም ዳገት ላይ ከተሸነፈ፣ የታችኛውን ክዳን ከፍተው ጎማ የለበሰውን ዲስክ ይዩ። ጎማው ከተሰነጠቀ ወይም ብረቱ ሊወጣ ከደረሰ አልቋል። በኤምቲዲ ማሽኖች ጎማው በሁለት የብረት ሳህኖች መካከል በቡሎን የሚታሰር ቀለበት ስለሆነ ጎማውን ብቻ ይገዛሉ፤ በኤሪየንስ ጎማው ከብረቱ ጋር የተጣበቀ ስለሆነ ዲስኩን በሙሉ። የውጩን ዲያሜትር፣ የመሃሉን ቀዳዳና የቡሎን ቀዳዳዎቹን ብዛት ይለኩ። ከመግዛትዎ በፊት ግን አንድ ነገር ያጣሩ፦ ዲስኩ የሚጫነው ሳህን ላይ ግራሶ ካለ ጤነኛ ጎማም ይንሸራተታል። በፍሬን ማጽጃ ያጥቡትና ይሞክሩ፤ ወጪው እዚያ ላይ ሊያበቃ ይችላል።

ሺር ፒን፣ በርካሹ እቃ የሚመጣ ውድ ጥፋት

ሺር ፒን ሆን ተብሎ እንዲሰበር የተሠራ ቡሎን ነው። ኦገሩ ድንጋይ ወይም የጋዜጣ ጥቅል ሲነክስ እሱ ተሰብሮ ማርሹን ያድናል። ብዙ ሰው በተደጋጋሚ ሲሰበርበት ይሰለችና የተገኘውን ጠንካራ ቡሎን ይሰካል። በሚቀጥለው ድንጋይ የሚበላው የማርሽ ሳጥኑ የነሐስ ጥርስ ይሆናል። የቡሎኑን ራስ ይዩ፦ ሦስት ጨረር መሰል መስመር ካለው ግሬድ 5፣ ስድስት ከሆነ ግሬድ 8 ነው፤ ሁለቱም አይሆኑም። የኤምቲዲው 710-0890ኤ ለምሳሌ 5/16 ኢንች ውፍረት፣ 1 ተኩል ኢንች ርዝመት ያለው ለስላሳ ግሬድ 2 ነው። ስድስት ያህል ከነዳዶው ገዝተው እጀታው ላይ በቴፕ ይለጥፏቸው፤ የሚሰበረው ሁልጊዜ ሱቅ ተዘግቶ ነው።

ሌላው የማይታየው ጉዳይ ዝገት ነው። ፒኑን አውጥተው ኦገሩን በእጅ ሲያዞሩት በዘንጉ ላይ ነጻ ሆኖ መዞር አለበት። ዝጎ ከዘንጉ ጋር ከተጣበቀ ፒን መኖሩ ትርጉም የለውም። በግራሶ ቀዳዳዎቹ በፖምፕ ግራሶ ይሙሉት፤ እምቢ ካለ ዝገት ማላቀቂያ ረጭተው ለቀናት እየደጋገሙ ያንኳኩት። ከማርሽ ሳጥኑ የወርቅ ብናኝ የመሰለ ነገር ከወጣ ግን የነሐሱ ጥርስ ተበልቷል። የአዲሱ ጥርስ ዋጋ ሊያስደነግጥ ይችላል፤ ተመሳሳይ ስፋት ካለው ለጋሽ ማሽን (ለእቃው ሲባል ከሚገዛ ሌላ አሮጌ ማሽን) ኦገሩን ከነማርሽ ሳጥኑ መውሰድ ብዙውን ጊዜ ይረክሳል።

ካርቡራተር

መጀመሪያ ማጽዳት፣ ቀጥሎ መግዛት። በቴከምሴው ላይ የቤንዚን ጎድጓዳውን የሚይዘው ቡሎን ራሱ ዋናው ጄት ነው፤ አንድ ሰፊ ቀዳዳና ከክሩ አጠገብ አንዲት እጅግ ቀጭን ቀዳዳ አለው። ሁለተኛዋን ብዙ ሰው አያያትም። እሷ ስትደፈን ሞተሩ ይነሳል፣ ግን ጆከሩን (የአየር ማነቂያውን) እንደከፈቱለት ይጠፋል። ከኤሌክትሪክ ሽቦ አንድ ክር መዝዘው ያስገቡባት፤ በመሰርሰሪያ ከሰፋች አበቃ።

መቀየሩ ግድ ከሆነ ከስፔኩ የተገኘውን ቁጥር ካርቡራተሩ ከንፈር ላይ ከተመታው ቁጥር ጋር ያመሳክሩ። ከ15 እስከ 30 ዶላር የሚሸጡት ከቻይና የሚመጡ ምትኮች ለብዙ ሰው ሠርተዋል፤ ግን ሁለት ችግር አላቸው። አንደኛው፣ የጋዝና የገቨርነር (የፍጥነት መቆጣጠሪያው) ሽቦዎቹ የሚሰኩበት ቀዳዳ ከኦሪጅናሉ ትንሽ ሊለይ ይችላል። ስለዚህ ሻጩን የሚጠይቁት የቡሎን ቀዳዳዎቹን መራራቅ፣ የጉሮሮውን ዲያሜትር፣ የጆከሩን አቅጣጫና ለፕራይመር (ከማስነሳት በፊት በጣት ለሚጫነው ጉብታ) ቱቦ መግቢያ መኖሩን ነው። ሁለተኛው፣ ብዙዎቹ ማስተካከያ ቪዳ የላቸውም፤ በከባድ ብርድ ቤንዚን ስለሚያንሳቸው ሞተሩ ከፍ ዝቅ እያለ ይጮኻል። ኦሪጅናሉ ቪዳ ያለው ከሆነ ሁሉንም ጓርኒሲዮን ቀይሮ እሱን ማደስ የተሻለ ነው፤ መነሻ ልኩ እስከ መጨረሻ በቀስታ ዘግቶ 1 ተኩል ዙር መክፈት ነው። አሮጌውን አዲሱ እስኪሠራ ድረስ አይጣሉት።

ካንዴላው እንኳን ነገር አያበዛም፤ ለብዙዎቹ ቴከምሴዎች ሻምፒዮን አርጄ19ኤልኤም፣ ክፍተቱ 0.030 ኢንች።

ኩሽኔት፣ ካቦ፣ ጎማ

ኩሽኔት ከማሽኑ አምራች መግዛት አያስፈልግም። የጎኑ ጎማ ላይ የተጻፈው ቁጥር ዓለም አቀፍ ነው፤ ማንኛውም የኩሽኔት ሱቅ ያውቀዋል። ወጥመዱ ኢንችና ሚሊ ሜትር ነው። 6203 የሚል ኩሽኔት የመሃል ቀዳዳው 17 ሚሊ ሜትር ነው፤ 6203-10 ግን በውጭ ያው 40 ሚሊ ሜትር ሆኖ ቀዳዳው 5/8 ኢንች፣ ማለትም 15.9 ሚሊ ሜትር ነው። ዘንጉን በካሊፐር ሳይለኩ አይዘዙ።

ካቦ ከጠፋ ሽፋኑንና የውስጡን ሽቦ ለየብቻ፣ ጫፎቹንና ሞላውን ጨምረው ይለኩ። መንኮራኩር ቀላሉ ነው፤ መጠኑ ጎማው ላይ አለ፣ 4.80-8 ወይም 13 በ5.00-6 የመሳሰሉት በየቦታው ይገኛሉ፣ ካላማዳሪም አላቸው። የጎን ጫማዎቹንና የታችኛውን መላጫ ብረት በቀዳዳዎቻቸው መራራቅ ይግዙ፤ ጠፍጣፋ ብረት ቆርጦና በስቶ መሥራትም ይቻላል።

ሞተሩ ራሱ ከሞተ

ከሃርበር ፍሬይት የሚገኘው ባለ 212 ሲሲ ፕሬዳተር የተለመደው ምትክ ነው። ከመክፈልዎ በፊት አራት ነገር ይለኩ፦ የዘንጉን ውፍረት፣ የዘንጉን ርዝመት፣ ከወለሉ እስከ ዘንጉ መሃል ያለውን ከፍታ፣ የእግሮቹን ቀዳዳዎች መራራቅ። ብዙዎቹ ባለ 8 ፈረስ ቴከምሴዎች 1 ኢንች ዘንግ አላቸው፤ ፕሬዳተሩ 3/4 ኢንች ነው። ስለዚህ ፑሊ መቀየር ወይም ማጥበቢያ ቡሽ ማስገባት ይመጣል፤ ከፍታው ከተለየ የቺንጋ ርዝመቱም አብሮ ይለወጣል። ዋናው ወጥመድ ግን ሌላ ነው። አንዳንድ አሮጌ ቴከምሴዎች ከዋናው ዘንግ በላይ ሁለተኛ ዘንግ አላቸው፤ እሱ ከካምሻፍቱ ስለሚወጣ በግማሽ ፍጥነትና በተቃራኒ አቅጣጫ ይዞራል። የእርስዎ ማሽን መንኮራኩሩን ከዚያ የሚነዳ ከሆነ ባለ አንድ ዘንጉን ሞተር ሲገጥሙ ወደ ፊት ያሉት ሁሉ ወደ ኋላ፣ ያውም በእጥፍ ፍጥነት ይሆናል። ሁለት ዘንግ ካዩ ተመሳሳይ አሮጌ ሞተር ይፈልጉ።

የት፣ መቼ

ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። መጀመሪያ የአምራቹ ድረ ገጽ ላይ ሥዕላዊውን ዝርዝር በሞዴልና በሴሪያል አውጥተው ቁጥሩን ይጻፉ። ቀጥሎ የሰፈር ጥገና ቤት ይደውሉ፤ ሠላሳ ዓመት የቆየ ቤት ከኋላ መደርደሪያው ላይ ማንም ያልመዘገበው እቃ አለው። ከዚያ እንደ ስቴንስ፣ ሮታሪና ኦሪገን ያሉ ምትክ አምራቾች የሚያወጡትን በኦሪጅናሉ ቁጥር ይፈልጉ። መጨረሻ ኢቤይ። ከግለሰብ ሻጭ ሲገዙ ቁጥሩ የሚነበብበት ፎቶና ከሜትር ጋር የተነሳ ፎቶ ይጠይቁ፤ መመለስ ይቻል እንደሆነም ከመክፈል በፊት ይወቁ።

ይህን ሁሉ በነሐሴና በመስከረም ያድርጉት። የመጀመሪያው ትልቅ በረዶ በወረደ ማግስት ጥገና ቤቱ የሳምንታት ወረፋ አለው፣ ቺንጋውም ከመደርደሪያው አልቋል።

ለጋሽ ማሽን የሚገዛው ደግሞ በሚያዝያ ነው። በረዶው ሲያልፍ ሰው ጋራዡን ማጽዳት ይጀምራል፤ ፌስቡክ ማርኬትፕሌስና ክሬግስሊስት ላይ “አይነሳም” የሚል ማሽን ከ100 ዶላር በታች፣ አንዳንዴም በነጻ ይገኛል። ሞዴሉ ከእርስዎ ጋር አንድ መሆኑን በታርጋው እንጂ በቀለሙ አያረጋግጡ። እዚያው ቆመው የማስነሻ ገመዱን ይሳቡ፤ ከበድ ብሎ ከተመለሰ ሞተሩ እመቃ አለው ማለት ነው። የካንዴላውን ገመድ ነቅለው ማራገቢያውን በዱላ ሲያዞሩት ኦገሩ አብሮ ከዞረ የማርሽ ሳጥኑ ደህና ነው። ማራገቢያው የተቀመጠበት ከበሮ በዝገት ተበስቶ ከሆነ ለእቃው ብቻ ዋጋ ይቁረጡ። ቤት ሲደርስ ማርሽ ሳጥኑን፣ ፑሊዎቹን፣ መንኮራኩሮቹን፣ የመትፊያውን መዘውርና ሞላዎቹን ሁሉ ያውጡ፤ ቡሎኖቹን ከየመጡበት እቃ ጋር በላስቲክ ከረጢት አድርገው ላዩ ላይ የሞዴሉን ቁጥር ይጻፉ። ዘይትና ቤንዚኑን ካፈሰሱለት የቀረውን ብረት በኪሎ የሚገዛ ቤት ይወስደዋል።